ከፕሊኒ እስከ ባልዱርስ ጌት፦ የጅብ ዘር በቪዲዮ ጌም ውስጥ

በጎጃም ከየጥኖራ ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው ጅብን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ማታ አህያ ወደ ቤት የሚገባው፣ በረት በእሾህ የሚታጠረው፣ ከገበያ የዘገየ መንገደኛ እርምጃውን የሚያፈጥነው በጅብ ምክንያት ነው። ይኸው እንስሳ በኮምፒውተርና በኮንሶል ለሚጫወቱ የዓለም ሰዎችም የቆየ ጠላት ነው። በጌም ውስጥ ግን በሁለት እግሩ ይቆማል፣ መጥረቢያ ወይም ቀስት ይይዛል፣ ስሙም «ኖል» ይባላል። ጀማሪ ተጫዋች ከከተማ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ከሚገጥሙት ጠላቶች አንዱ እሱ ነው፤ ደካማው፣ ጎበዙ፣ ቀስተኛው፣ መርዘኛውና አለቃው እየተባለም በዓይነት በዓይነቱ ይመጣል።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ጅብ እንዴት የጌም ጠላት እንደ ሆነ፣ ዓይነቶቹ በምን መንገድ እንደ ተበራከቱና ከዚህ ሁሉ የእኛ አገር እውቀት የት እንደ ቀረ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጌሞች የጅብን ዘር በጉልበት አበዙት እንጂ በጠባይ አላበዙትም። የእኛ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር በጠባይ አብዝቶታል፤ ሆኖም ሰውን ጅብ በማድረግ ከባድ በደል ፈጽሟል። የራሳችንን ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ሁለቱንም አውቀው ቢነሱ ማንም ያልሠራውን ሥራ መሥራት ይችላሉ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠላትን የማብዛት ጥበብ

አንድን ፍጡር መሳል፣ ማንቀሳቀስና ድምፅ መስጠት ብዙ ድካም አለው። በ1980ዎቹ ደግሞ የጌም ካሴት የሚይዘው መረጃ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ሠሪዎቹ አንዱን ሥዕል ቀለሙን ብቻ ለውጠው ሌላ ጠላት ያደርጉት ነበር። ዘዴው የተወለደው ከእጥረት ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ከፈተ።

የመጀመሪያውን መንገድ በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ያሳያል። በዚያ ጌም አረንጓዴው ኤሊ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሳይቆም ወደ ገደሉ ይወድቃል፤ ቀዩ ኤሊ ግን ከአፋፉ ይመለሳል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቀለሙና ጠባዩ ነው። ተጫዋቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ካያቸው በኋላ ቀለሙን አይቶ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ በ1986 በወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ውስጥ ይታያል። ድንጋይ የሚተፋው ኦክቶሮክ ቀይም ሰማያዊም አለው፤ ሰማያዊው ከቀዩ የሚለየው በዋናነት ብዙ ምት በመቻሉ ነው። ይህ ልዩነት ተጫዋቹን አዲስ ነገር አያስተምረውም፤ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ እንዲሠራ ብቻ ያስገድደዋል።

ከዚያ ወዲህ የወጡ ጌሞች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱን ወይም የሁለቱን ድብልቅ ይከተላሉ። የአንድን ጠላት ዓይነቶች ስንመዝን ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይወጣል፦ አዲሱ ዓይነት ሲመጣ ተጫዋቹ አዲስ ነገር ማወቅ አለበት ወይስ ብዙ ጊዜ መምታት ብቻ? የጅብን ዘር በዚህ ጥያቄ እንፈትሸዋለን።

ከኢትዮጵያ የወጣ አውሬ

የጌሙ ጅብ የዘር ሐረግ ሩቅ ነው። በ79 የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ በ«የተፈጥሮ ታሪክ» ስምንተኛ መጽሐፉ ኢትዮጵያ ስለምታፈራቸው አውሬዎች ጽፏል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ሲባል ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነው። ከአውሬዎቹ አንዱ ክሮኮታ ነው፤ ከውሻና ከተኩላ የተወለደ የሚመስል፣ ያገኘውን ሁሉ በጥርሱ የሚሰብር። ሌላው ሌውክሮኮታ ነው፤ አህያ የሚያህል፣ አፉ እስከ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ በጥርስ ፋንታ አንድ ወጥ አጥንት ያለው፣ የሰውን ድምፅ ይመስላል የሚባልለት። ስለ ጅብ ደግሞ በእረኞች ሰፈር እየተደበቀ የአንዱን እረኛ ስም ይማርና በስሙ ጠርቶ ያስወጣዋል፣ ከዚያም ይቦጫጭቀዋል የሚል ወሬ መዝግቧል።

ወሬው ተረት ነው፤ ከሥሩ ግን እውነተኛ እንስሳ አለ። የጅብ ድምፅ በእርግጥም የሚጣራ ይመስላል፣ መንጋጋውም አጥንት ይሰብራል። በ1777 ጀርመናዊው ኤርክስሌበን ለነጠብጣባሙ ጅብ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ክሮኩታ» ያለው ይህንኑ የጥንት መጠሪያ ይዞ ነው። ሌውክሮኮታም በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የእንስሳት መጻሕፍት አልፎ በ1977 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በዚያም የሰውን ድምፅ እየመሰለ ታዳኙን ያታልላል። የፕሊኒ ኢትዮጵያዊ አውሬ ከ1,900 ዓመት በኋላም ጠባዩን አልተወም ማለት ነው።

ኖል ግን የመጣው በሌላ በር ነው። የአየርላንዱ ደራሲ ሎርድ ዳንሴኒ በ1912 ባሳተመው አጭር ታሪክ በጫካ የሚኖሩ፣ መልካቸው ያልተገለጸ ምሥጢራዊ ፍጡራን ፈጥሮ ነበር። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት የመጀመሪያው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስሙን ከዳንሴኒ ወስዶ ፍጡሩን የሁለት ሌሎች ምናባዊ ዘሮች ድቅል አደረገው፤ ጅብነት ገና አልነበረበትም። በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ነው ኖል የጅብ ራስና ፀጉር ያለው፣ ዪኖጉ የተባለ የአጋንንት አለቃ የሚያመልክ ሰው መሰል ፍጡር የሆነው። በ1981 ደግሞ ከኖል የሚበረታ «ፍሊንድ» የተባለ ዘመዱ ተጨመረ። የዓይነቶቹ መሰላል መሠራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የቁጥር መሰላል

በ2014 የወጣው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አምስተኛ እትም መሰላሉን በግልጽ ያሳያል። ተራው ኖል 22 የሕይወት ነጥብ አለው። የመንጋው መሪ 49፣ «የዪኖጉ ክራንቻ» የተባለው 65፣ በ2016 በተጨመረው መጽሐፍ የተመለሰው ፍሊንድ ደግሞ 127 ነጥብ አለው። ተጫዋቹ በበረታ ቁጥር የሚመጣበት ኖልም ይበረታል።

ቁጥሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ የዜልዳው ሰማያዊ ኦክቶሮክ ይሆን ነበር። አምስተኛው እትም ግን ሁለት የጠባይ ነገሮች ጨምሮበታል። ኖል በአፍና በጦር ቀርቦ ሲዋጋ አንድን ተፋላሚ ከጣለ በኋላ በዚያው ቅጽበት ወደ ሌላው ዘልሎ ይነክሳል። ስለዚህ ከኖል መንጋ ጋር የሚዋጋ ቡድን ደካማውን ጓደኛውን መጠበቅ አለበት፤ የአንዱ መውደቅ ለሌላው አደጋ ነውና። ሁለተኛው የትውልዱ ታሪክ ነው፦ ዪኖጉ የገደላቸውን ሬሳ የበሉ ጅቦች ወደ ኖልነት ተለወጡ ይላል። ክራንቻ የተባለው ዓይነት ይህንን ሥርዓት መድገም ስለሚችል ከፍ ያለው የሕይወት ነጥቡ ብቻ አይደለም፤ ካልቆመ ጠላት እየተባዛ ይሄዳል። በእኔ ግምት ከመሰላሉ ሁሉ ትርጉም ያለው እርከን ይህ ነው።

ወደ ኮምፒውተር ሲገባ

በ1998 ባዮዌር የሠራው «ባልዱርስ ጌት» ኖልን ለብዙ ተጫዋች ያስተዋወቀ ጌም ነው። ናሽኬል በተባለችው ከተማ ሚንስክ የተባለው ጀግና ዳይናሄር የተባለችውን ጠንቋይ እንድናስለቅቅለት ይለምነናል፤ የታሰረችውም በኖሎች ምሽግ ነው። ወደ ምሽጉ ስንወጣ ተራው ኖል፣ ምርጡ፣ አንጋፋው፣ ቆራጩ፣ ፍሊንዱና አለቃው ተራ በተራ ይገጥሙናል። ምሽጉ በገደል ላይ የተሠራ በመሆኑ ቦታው የማይረሳ ነው። ኖሎቹ ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ረጅም መሣሪያ ይዘው በአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። ስማቸው ተለያየ እንጂ ሥራቸው አልተለያየም። አንጋፋውን ለማሸነፍ ከተራው ያልተማርነው አዲስ እውቀት አያስፈልገንም።

ብሊዛርድ በ2002 ያወጣው «ዋርክራፍት 3» በዚህ ረገድ ተሽሏል። በካርታው ላይ ተበታትነው የሚኖሩት ኖሎች ቀስት የሚወረውር፣ መሣሪያውን መርዝ የቀባ፣ በጉልበቱ የሚመካና የበላይ ተቆጣጣሪ እየተባሉ ይለያያሉ። ጠላቱ ከሩቅ ሲወጋ፣ መርዙ ከውጊያው በኋላም ሲጎዳ ተጫዋቹ ማንን አስቀድሞ መምታት እንዳለበት ይመርጣል። በ2004 የመጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ደግሞ ኖሎቹን በነገድ አደራጃቸው። በኤልዊን ጫካና በአጎራባቹ ዌስትፎል የወንዝ መዳፍ የተባለው ነገድ ሰፈረ፤ ሬድሪጅ ተራሮችም የራሳቸው ነገድ አላቸው። በየነገዱ ቀማኛው፣ ምትሃተኛውና ቃፊሩ አሉ።

ከሁሉ የታወቀው ሆገር ነው። ሆገር የኤልዊን ጫካ ኖል ሲሆን 11ኛ ደረጃ ላይ ያለና ብቻውን የገጠመውን ጀማሪ በቀላሉ የሚጥል ጠላት ነበር። እስከዚያ ድረስ ብቻውን ሲጓዝ የቆየ ተጫዋች ሆገር ዘንድ ሲደርስ ሌሎችን መጥራት ግድ ይሆንበታል። በርካታ ሰዎች ከማያውቁት ተጫዋች ጋር መጀመሪያ የተባበሩት በእሱ ምክንያት ነው። ሆገር በመልኩ ከሌሎቹ ብዙ አይለይም፤ ትልቅነቱ የተጫዋቹን አካሄድ በመለወጡ ነው። ዓይነት ማብዛት ሲሳካ ይህን ይመስላል።

ላሪያን ስቱዲዮስ በነሐሴ ወር 2023 ያወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ከሁሉ የተሻለውን የኖል ትዕይንት ሠርቷል። በመንገድ ላይ የተጠቁ ነጋዴዎች ሬሳ ወድቋል፤ ጅቦች ይበሏቸዋል። ተጫዋቹ ሲደርስ ሬሳ የበላው ጅብ ሆዱ ያብጥና ኖል ከውስጡ ይወጣል። የ2014ቱ መጽሐፍ በቃል የተረከውን ይህ ጌም በዓይን አሳየ፤ ለተጫዋቹም ግልጽ ምርጫ ሰጠው፦ ጅቡን ቶሎ ግደል ወይም በኋላ ኖል ይጠብቅህ። ከዚያ ወዲያ ቀስተኞቹና መሪዋ ፍሊንድ በዋሻ ውስጥ የተከበቡ ሰዎችን ሲያጠቁ እናገኛቸዋለን። ፍሊንዷን በጉልበት መግጠም ይቻላል፤ አእምሮዋን አሸንፎ በገዛ መንጋዋ ላይ እንድትነሳ ማድረግም ይቻላል። በዚህ ትዕይንት ጅብ፣ ኖልና ፍሊንድ ሦስት የጉልበት እርከኖች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የተለየ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ጅብ እንደ ጅብነቱ

ኖል ሳይሆን እንስሳው ራሱ የሚታይባቸው ጌሞችም አሉ። በ1994 ከፊልሙ ጋር የወጣው «ላየን ኪንግ» በዝሆኖች መቃብር ሥፍራ ጅቦችን ያመጣል። ትንሹ አንበሳ ሲምባ በቀጥታ ቢገጥማቸው አይችላቸውም፤ እየዘለለ አድክሟቸው ማለክለክ ሲጀምሩ ነው የሚያሸንፋቸው። ለዕድሜው ብልህ ንድፍ ነው። ፊልሙና ጌሙ ግን ጅብን የፈሪና የሌባ ምልክት አድርገው ለአንድ ትውልድ አስተምረዋል። በ2017 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ» ደግሞ በጥንታዊት ግብፅ በረሃ ጅቦችን በመንጋ ያሰማራል፤ ከዋና ዋና ጠላቶቹ አንዷም «ጅቢት» የተባለች፣ ጅቦችን የምታሳድግ ካሊሴት የተባለች ሴት ናት። የጅብን ቅጽል ስም ለሴት መስጠቱ ሠሪዎቹ አስበውበትም ሆነ ሳያስቡ ከእንስሳው እውነት ጋር ይገጥማል።

እውነቱ ምንድን ነው? ዛሬ በዓለም ያሉት የጅብ ዝርያዎች አራት ናቸው። ከእነሱ ነጠብጣባሙ፣ ባለ መስመሩና ምስጥ የሚበላው ትንሹ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። ጅብ ውሻ ቢመስልም በዘሩ ለድመትና ለሞንጉስ ይቀርባል። በነጠብጣባሙ ጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም ትመራለች፤ ግልገል በመንጋው ውስጥ ያለውን ማዕረግ የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ሃንስ ክሩክ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ነጠብጣባሙ ጅብ ጥንብ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን በንጎሮንጎሮና በሴሬንጌቲ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚያገኝ መሆኑን አሳየ። ኬይ ሆልካምፕ ከ1988 ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ ያካሄደችው ረጅም ጥናት ደግሞ የመንጋው አባላት ዝምድናንና ማዕረግን ለይተው የሚያውቁ ብልህ እንስሳት መሆናቸውን አስረድቷል። የሌሊት ጥሪያቸው ኪሎ ሜትሮችን ተሻግሮ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ጅብም በድምፁ ይለያል።

ይህን ይዘን ወደ ጌሞቹ ስንመለስ ጉድለቱ ይታያል። በአብዛኞቹ ጌሞች የኖል አለቃ ወንድ ነው። መንጋው በእናት ማዕረግ አይደራጅም። ድምፅ ማስፈራሪያ እንጂ መልእክት አይደለም፤ ከጥሪው ተነስቶ ስንት እንደሆኑና ከየት እንደሚመጡ የሚገምት ተጫዋች አይሸለምም። ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ልዩነት ሳይነካ ተቀምጦ ሠሪዎቹ የሕይወት ነጥብ ይደምራሉ።

የጎጃም ሰው የሚያውቀው ጅብ

የእኛ አገር ሰው ጅብን በተረቱ «አያ ጅቦ» ይለዋል፣ በምሳሌያዊ አነጋገሩም ጠባዩን አንድ በአንድ ለይቶ አስቀምጧል። «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» የሚለው ስለ አታላዩ ጅብ ነው፤ አንካሳ መስሎ ይቀርባል፣ እስኪነክስ ድረስ ማንም አይጠረጥረውም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ስለ ስስታሙና ችኩሉ ነው፤ ለስላሳውን ሥጋ ትቶ ከማይበላው ይጀምራል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ውሻ የሌለበትን ወይም የተዘናጋበትን ሰዓት መርጦ መጥቶ ስለሚሄደው ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ማንነቱ በማይታወቅበት ቦታ የተከበረ እንግዳ ስለሚመስለው ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ደግሞ ለመብላት ሰበብ ስለሚፈልገው፣ ከተጎጂዋ ከአህያ አፍ የወጣ ንግግር ነው።

አምስት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አምስት ዓይነት ጅቦች ሰጡን። በጉልበት አይበላለጡም። እያንዳንዱን ለመቋቋም የተለየ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ የሚያነክሰውን አለመታለል፣ ችኩሉን በወጥመድ መያዝ፣ ሰዓት ጠባቂውን ውሻን በማንቃት መከላከል፣ እንግዳ መሳዩን መለየት፣ ሰበበኛውን ሰበብ መንሣት። ይህ የማሪዮ ቀይና አረንጓዴ ኤሊ መንገድ ነው፤ በእርሻና በበረት፣ በረጅም ዘመን ልምድ የተሠራ የጠላት ንድፍ።

የጅብ ጠባይ ከሰው ኑሮ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ደግሞ የአገራችን ተመራማሪዎች በቁጥር አሳይተዋል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የጅብን ኩስ መርምረው የአህያ ፀጉር ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ቆጠሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሎ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለ55 ቀን እርድ ሲቀንስ አጥንትና ትርፍራፊ ይጠፋል፣ ጅብም ወደ አህያ ይዞራል። በጾም ወራት አህያውን አጥብቆ የሚያስር የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ይህ ምርምር የሚነግረው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። የዓመቱ ዑደት የጠላትን ጠባይ የሚለውጥበት ጌም ቢሠራ መነሻው እዚሁ ደጃችን ላይ አለ።

ሊዘለል የማይገባው ዓይነት

ስለ ጅብ ዓይነቶች በአገራችን ስንናገር አንዱን ዘልለን ማለፍ አንችልም፤ ሰው የሆነውን ጅብ። በጎጃምና በሌላውም የሰሜን ደጋ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ እየሆኑ ይሄዳሉ ሲባል ኖሯል። በጎንደር አካባቢ ይኸው ክስ በቤተ እስራኤል አንጥረኞች ላይ ይነሣ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የአንጥረኞች ጉትቻ አየሁ ብሎ መጻፉ ወሬው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይመሰክራል። አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ረሚኒክ በ1974 በመንዝ ስላለው እምነት፣ ቶም ቦይልስተን በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ በጣና ዳር ስላለችው ዘጌ ሲጽፉ እምነቱ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ የሚወስን መሆኑን አሳይተዋል።

ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ማረሻችንን የሠራ፣ ድስትና ጀበናችንን ያበጀ ሰው በሥራው ተሰደበ፣ ከጋብቻ ተገለለ፣ ሰው ሲታመም ተጠረጠረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የከለከሉት ጉዳቱን አይተው ነው። አዋጁ ስድቡን ሁሉ አላጠፋም፤ ሆኖም በደሉ በመንግሥት ደረጃ እንደ በደል መታወቁ ትልቅ ነገር ነበር።

ጌም ሠሪዎች ከዚህ ጉዳይ ጋር በሌላ መንገድ ተፋጠዋል። ኖል የሚናገር፣ ልብስ የሚለብስ፣ ነገድ ያለው ፍጡር ሲሆን «ሁሉም ክፉ ናቸው፣ ሁሉም ይገደሉ» ማለት ሰው መሰል ዘርን ሁሉ በአንድ መፍረድ ይሆናል። ይህ ክርክር በጠረጴዛ ጨዋታው ዓለም ለዓመታት ቆይቷል። በ2025 የወጣው አዲሱ የጭራቆች መጽሐፍ ኖልን ከሰው መሰል ፍጡራን ምድብ አውጥቶ ከአጋንንት መሰሎቹ ጋር መደበው። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ግን ሆገርን በኋላ ተይዞ በስቶርምዊንድ እስር ቤት የሚገኝ እስረኛ አድርጎታል። አንደኛው መንገድ ጠላቱን ፈጽሞ ከሰውነት ያርቀዋል፤ ሌላው በመጠኑ ለሕግ ያቀርበዋል።

ለእኛ ምርጫው ቀላል መሆን አለበት። የብቸና ወይም የሞጣ አንጥረኛ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አባቱ ጅብ የሆነበትን ጌም ማየት የለበትም። የቡዳ ጅብን «የአገር ባህል ነው» ብሎ እንደ ጠላት ዓይነት ማስገባት ድሮ በቃል የተፈጸመውን በደል በሥዕልና በድምፅ መድገም ነው። የሚሠራበት ካለ ተጫዋቹ በሐሰት የተከሰሰውን ሰው የሚያድንበት፣ ክሱን የሚመረምርበት ታሪክ ይሁን። ያኔ ጥሩ ጌም ይሆናል፣ እውነትም ይናገራል።

ከጠላትነት ባሻገር

ጅብ በአገራችን ሁሉ ጠላት ብቻ አይደለም። በሐረር ጥንታዊ ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ በአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል፣ ማታ ማታም ከግንቡ ውጭ ሥጋ ይመገባል። ማርከስ ቤይንስ ሮክ ይህን አብሮ መኖር ለማጥናት በሐረር ኖሮ በ2015 መጽሐፍ አሳትሟል። መቀሌ ላይ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ቅሪት እንደሚያስወግዱና በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ገምቷል። ጅብ ከጠፋ ከተማው ሌላ የፅዳት ወጪ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ይህ ለጌም ንድፍ ትልቅ ትርጉም አለው። ጠላቱን ጨርሶ ማጥፋት ድል በሚሆንበት ጌም ሁሉም ዓይነቶች በመጨረሻ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ይሞታሉ። ጠላቱ መጥፋት የሌለበት፣ መቋቋምና ወሰን መስጠት ያለበት ሲሆን ግን ጠባዩን ማወቅ ግድ ይሆናል። የሐረር ሰው ወሰኑን በግንብና በገንፎ አበጀ፤ የጎጃም ገበሬ በእሾህ አጥርና በውሻ። ሁለቱም ጅቡን ሳያጠፉ ኖረዋል።

የአገር ውስጥ ጌም ሠሪዎች ይህን ለመሥራት ከባዶ አይነሱም። ቄኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» በተባለ ጌሙ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ባለ ታሪክ አድርጓል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። በገጠር ሕይወት ውስጥ ያለ ትንሽ ግጭት ለጌም በቂ እንደሆነ ይህ አሳይቷል። ወጣቶቻችን በስልክና በየከተማው ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወቱት አብዛኛው ጌም በሌላ አገር ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ጠላቱም የሌላ አገር ጠላት ነው። የጅብ ጌም ግን በተፈጥሮው የእኛ መሆን የሚችል ነው።

ምን ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው? ከዳሰሳው የሚወጡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዓይነቶቹ በጠባይ ይለዩ፤ የሚያነክሰው፣ ችኩሉ፣ ሰዓት ጠባቂው እያንዳንዳቸው የተለየ ምላሽ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ መንጋውን ሴት ትምራ፤ መሪዋ ስትሸሽ ሌሎቹ የሚሸሹበት፣ ግልገሏ ስትነካ የምትቆጣበት ሥርዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ድምፅ ካርታ ይሁን፤ ተጫዋቹ በጨለማ ጆሮውን ተጠቅሞ ርቀትንና ብዛትን ይገምት፣ የጾሙና የፋሲካው ወቅት ደግሞ የጅቡን አካሄድ ይለውጥ። አራተኛ፣ አሸናፊነት የሚለካው በተገደለ ጅብ ብዛት ሳይሆን እስከ ንጋት በተረፈ ከብት ይሁን። በዚህ ንድፍ ውስጥ የሰው ጅብ ቦታ የለውም።

የውጭ ጌሞች ለአርባ ዓመት ያህል ያደረጉት አንድን የኢትዮጵያ አውሬ ወስደው በቁጥር ማሳደግ ነው። አልፎ አልፎ እንደ ሆገርና እንደ «ባልዱርስ ጌት 3» ፍሊንድ ያለ ድንቅ ሥራ ወጥቷል፤ አብዛኛው ግን የነጥብ መሰላል ነው። የጎደለው እውቀት በአዛውንቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገርና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ጥናት ውስጥ ተቀምጧል። ጌም ሠሪ ወጣት መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ተነስቶ በረት የሚጠብቅ ገበሬ ዘንድ ይሂድና ጅብ እንዴት እንደሚመጣ ይጠይቅ። የአገሬው ጅብ በጌም ውስጥ በእውነተኛ ጠባዩ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው፤ ተጫዋቹም ሲያሸንፈው ስላወቀው ያሸንፈዋል።